ክኒን በጥምጣም

ሥራዬ ማስረዳት ነው። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ፤ ድንጋይ ለእንግዳ እያስረዳሁ እንጀራ የምበላ ሰው። ድንጋይ ደግሞ ገራም ነው፤ ስለ እሱ ያሻህን ብትናገር አይከራከርህም። ማስረዳት ያቃተኝ ቄሱን አባቴን ነው።

ነገሩ የጀመረው አንድ ጠዋት ከማኅሌት መልስ ነው። አባቴ ጸናጽላቸውን ግድግዳው ላይ ሊሰቅሉ ሲሉ ከእጃቸው ወደቀ። ላንሣልዎ ብዬ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል አፋቸው ወደ አንድ ጎን ዘሟል፤ ቀኝ እጃቸውም አልታዘዝ ብሏቸዋል። ሆስፒታል እስክንደርስ አፋቸውም እጃቸውም ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ዳኑልኝ ብዬ እልል ልል ስል ሐኪሙ ፊቱን ቋጠረብኝ። ደም ብዛት ነው፣ ይህ ማስጠንቀቂያው ነው፣ ክኒኑን በየቀኑ ካልወሰዱ የሚቀጥለው ይመጣል እንጂ አይመለስም አለን።

አባቴ ሞትን ያን ያህል አይፈሩም። የሚፈሩት በገና ዕለት ከቤተ ማርያም ዙሪያ አፋፉ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉን ሳይዘምሩ መቅረትን ነው። «ሞት ይምጣ፤ ግን በግማሽ አይምጣብኝ» አሉ ወደ ቤት ስንመለስ።

እኔም ሙያዬን መዘዝኩ። ደም ሥር እንደ ውኃ ጎማ ነው፣ ግፊቱ ሲበዛ አንድ ቦታ ይበጠሳል፣ ሕመም ባይሰማዎትም ክኒኑ አይቋረጥም እያልኩ አስረዳሁ። «እውነት ነው ልጄ፣ እውነት ነው» አሉ ሁሉንም። ከሥራዬ የተማርኩት ነገር ቢኖር ግን፣ ለሁሉም እሺ የሚል እንግዳ አንዱንም እንዳልሰማ ነው። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ግፊቱ አልወርድ አለ። ጤና ጣቢያ በሄድን ቁጥር ሲስተሯ ትለካለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ክኒን ትጨምራለች። «አባ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» ስትላቸው «ኧረ አልቋል!» ይሏታል። አባቴ ሐሰት አይናገሩም፤ እውነትም አልቋል። ጎረቤቱ ዓይነ ጥላ ነው አለ። እኔ በእናቴ ጨው ላይ ፈረድኩ። «ሽሮሽን ጨው እያበዛሽ ልትገያቸው ነው» ብላት «አንተን ያሳደገው ይኸው ጨው ነው» አለችኝና፣ ጨው ያልነካው ሽሮ ሳምንቱን ሙሉ አበላችኝ። አፌን ይዤ በላሁ።

አንድ እሑድ ወደ አሸተን ማርያም ላወጣቸው የነበሩ እንግዶች በዝናብ ምክንያት ቀሩ። ሥራ ስፈታ አባቴ ወዳሉበት ሰንበቴ ጎራ አልኩ። ማኅበርተኛው ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስቧል፤ ዳቦው ተቆርሷል፣ ጠላው ተቀድቷል። አባቴ ደግሞ መሐል ተቀምጠው ክኒን ያድላሉ።

«ይቺ ለጉልበትዎ። ይቺ ለራስ ምታትሽ። አንተ ደግሞ ልቤን ይወጋኛል ብለህ አልነበር? እንካ።»

ተቀባዩ ሁሉ አማትቦ ይውጣል። ጎረቤታችን ጠላ ጠማቂዋማ ምስክርነት ትሰጣለች፦ «የቄሱ መድኃኒት ኃይለኛ ነው። ባለፈው ሰንበት ብውጠው መሬቱ ዞረብኝ፤ መደብ ላይ እስክወጣ እንኳ አላደረሰኝም።» ይህን የምትለው እያመሰገነች ነው። ያኔ ሲስተሯ እኔን ብትለካኝ ኖሮ ክኒኑ ለእኔ ይታዘዝልኝ ነበር።

«አባ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ።

«ምን አደረግሁ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

«ይህ እኮ ምግብ አይደለም!»

«ከአሸተን ጸበል ይዤ ስወርድ ለብቻዬ ጠጥቼው አውቃለሁ? ለመዳኛ የተሰጠ ነገር ይደበቃል እንዴ?»

 በእኛ አገር ጸበልም ሆነ እምነት ይዞ የመጣ ሰው ለጎረቤት ሳያዳርስ አያድርም፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። አባቴን ሊገድላቸው የነበረው ደግነታቸው ነው። እንዲህ ያለውን በሽታ ደግሞ የሲስተሯ መለኪያ አያነበውም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ክኒኑን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ጠዋት ጠዋት እያወጣች ትሰጣቸዋለች፤ ፊቷ ይውጣሉ፣ ውኃ ይጠጣሉ፣ ተመስገን ይላሉ። ግፊቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። አንድ ቅዳሜ ጥምጣማቸውን ልታጥብ ብትፈታው፣ ክኒኑ ከየእጥፋቱ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ለካ ምላሳቸው ሥር ይዘው እየቆዩ፣ ዞር ስትል አውጥተው ለሰንበቴው ያጠራቅሙ ኖሯል። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ክኒኑን አንድ በአንድ ለቅማ ስታበቃ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ባሌን ለጎረቤት ራስ ምታት አልሰጥም። ተነሥ፣ ገነተ ማርያም ውሰደኝ» አለችኝ።

ገነተ ማርያም የአባቴ የንስሐ አባት አሉ። እጅግ ያረጁ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ነገር ግን ዓይናቸው የሚስቅ መነኩሴ ናቸው። እናቴን ሰምተው ሲያበቁ የጥምጣሙ ነገር ትንሽ አሳቃቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ቀዳሽ ነውና ጠዋት አይመቸውም፤ ማታ ቢወስደውስ?» አሉኝ። ለሲስተሯ ደወልኩ። ሰዓቱን አይለዋውጡት እንጂ ማታም ይሆናል አለች።

«እንግዲያው ነገ እሱን አምጡልኝ» አሉ መነኩሴው።

በማግስቱ አባቴን ይዘን ሄድን። መነኩሴው ቀኖናውን እኛ ፊት ሰጧቸው፤ ምስክር እንድንሆን መሰለኝ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ከኋላዬ ቆማለች።

«ማታ ማታ ከእራት በኋላ አቡነ ዘበሰማያት ደግመህ፣ ሐኪም ያዘዘልህን ትውጣለህ። ቀኖናህ ይህ ነው።»

«እስከ መቼ አባቴ?»

«እስክትሞት።»

አባቴ ደነገጡ። «ይህን ያህል ምን በደልኩ?»

«ራስህን ልትገድል ነበር። ሌላ የምትጨምረው አለህ?»

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ቢሆንም እጅ ነሥተው ሲወጡ ከበሩ ላይ ዞር አሉና «ለአንዲት ምስኪን አንዷን ብቻ...» ብለው ጀመሩ። «ሰው ለሰው ቀኖና ይፈጽማል? ምስኪኗን ወደ ጤና ጣቢያ ላካት» አሏቸው።

ጠላ ጠማቂዋ በዚያው ሰሞን ራሷን በሻሽ ጠፍንጋ መጣች። አባቴ «ይህ የኃጢአቴ ቅጣት ነው፤ ልትካፈዪኝ ነው?» ቢሏት አማትባ ወደ ኋላዋ ሄደች። ጤና ጣቢያ ስትለካ ለካ የእሷም ደም ብዛት ኖሮ የራሷን ክኒን ያዘች። ሰንበቴው ግን አኮረፈ። ይባስ ብሎ «ቄሱ ምን ሠርተው ይሆን እስከ ሞት የታሰሩት?» እያለ ማማት ጀመረ። አባቴ ሐሜቱን ችለው ክኒናቸውን ዋጡ፤ ግፊቱም ወረደ። በገና ዕለት ከአፋፉ ላይ ቆመው፣ ጸናጽሉን በዚያ በቀኝ እጃቸው ይዘው ሲወዛወዙ ከታች ሆኜ አየኋቸው። እንግዶቼ ምንድን ነው የሚሉት ብለው ጠየቁኝ። እንባ ቀደመኝና ማስረዳት አቃተኝ።

ከፋሲካ በኋላ የንስሐ አባታቸው ዐረፉ። ከቀብር ስንመለስ እኔና እናቴ እየተያየን ነው የገባነው፤ ያሰራቸው ሰው ሄደ፣ እንግዲህ ማን ይይዛቸዋል? አባቴ እራቱን ሁለት ሦስቴ ጎርሰው ተዉት። እናቴ ሳጥኑን ልትከፍት ብትነሣ «ተቀመጪ» አሏት።  እጃቸውን ወደ ጥምጣማቸው ሰደዱና ከእጥፋቱ ክኒን አወጡ።

«አባ፣ ደግሞ ጀመሩ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ትናንት ማታ ሳጥኑ ሲከፈት የዛሬውንም አንሥቼ ይዤው ሄጄ ነው። ለቅሶው ቢያስመሽ ሰዓቱ እንዳያልፍ።»

አፌ አላርፍ ብሎ «ሌላ የንስሐ አባት እኮ ሊፈታልዎ ይችላል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ክኒን ቀኖና እንደማይሆንም የዚያን ቀን አውቅ ነበር። እኔ ቄሱ ይህ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉ?»

«እሳቸው ሲናገሩ እናትህን አየኋት። እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።»

አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ፤ ክኒኑን ዋጡ፤ ውኃውን ጠጡ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው አፋቸውን ከፈቱና ምላሳቸውን አንሥተው አሳዩአት።