የእርድ ቀለምና የባሌ ይቅርታ

እኔ ክር የምነክረው በእርድ ነው፤ አልጫ ውስጥ በሚገባው በዚሁ በእርድ። ከሶዶ ገበያ ደረቁን እገዛለሁ፣ እወቅጠዋለሁ፣ በትልቅ ድስት አፈላዋለሁ፣ የጥጥ ክሩን እነክርበታለሁ፤ አለቀ። ሌላው ቀለም ክሩን እንዲይዝለት አስቀድሞ መድኃኒት ይፈልጋል። እርድ ግን የማንንም አማላጅነት አይለምንም፤ ራሱ ገብቶ ይይዛል። ይሄን አመሉን እወድለታለሁ። አልጫ የፈሰሰበት ነጠላ ያጠበች ሴት ሁሉ ምን እንደምል ታውቃለች።

እንጀራዬ መዝገብ ቤት ነው፤ ቀለሙ የቅዳሜ ሥራዬ ነው። ሰኞ ጣቶቼ ቢጫ ሆነው ስገባ የቢሮ ሰዎች “ዛሬም በእጅሽ አማሰልሽ?” እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ! የነከርኩትን ክር የሚሸምነው ባሌ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ፈሪ ነው።

አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አሥራ ሁለት የአንገት ልብስ አዘዙን። እንግዳ መዘምራን የሚመጡበት እሑድ ስለነበር አምረው መቆም ፈለጉ። ዱንጉዛ በሚባለው የወላይታ ጥለት ቀይና ጥቁሩ መስመር የፋብሪካ ክር፣ ቢጫው የኔ ነበር። ሲያስረክብ ባሌን አስጠነቀቅኩት፦ “በሳሙና እንዳያጥቡት፣ ፀሐይ ላይም እንዳያሰጡት ንገራቸው።” ፀሐይ እርድን ቀስ በቀስ እንደሚበላው ክጄ አላውቅም። ሳሙና ሲነካው ደግሞ ወደ ቀይ ይለወጣል።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ በራችን ላይ ባጃጅ ቆሟል። የመዘምራኑ ኃላፊ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ኩርቱ ፌስታል ይዘው ግቢ ውስጥ ከባሌ ጋር ቆመዋል። አንዷ ዘማሪ ለእሑድ ይጸዳልኝ ብላ የራሷን በሳሙና አጥባዋለች፤ ቢጫው መስመር ደም መስሏል። ሽማግሌው የቀሩትን አሥራ አንዱንም ሊመልሱ ሰብስበው መጥተዋል።

“እህቴ፣ እናንተን አምነን ነበር እኮ” አሉኝ። “በአንድ እጥበት እንዲህ የሚሆን ቀለም ምን ቀለም ይባላል?”

መልስ ሳልሰጥ ባሌ እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ። “ይቅር ይበሉን ጋሼ። የእሷ ግትርነት ነው። የፋብሪካ ክር ይሻለናል ብዬ ስንት ጊዜ ነገርኳት! ከእንግዲህ በእሱ ነው የምሠራው።”

ውስጤ ድብን አለ። ሽማግሌው ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። “ያልኩህን ነግረሃቸዋል?” አልኩት። መሬት መሬት ያይ ጀመር። ያኔ ገባኝ፤ አልነገራቸውም።

ወደ ጓዳ ገብቼ ሎሚ ቆረጥኩ። ሳፋ ውስጥ ውኃ ላይ ጨመቅኩትና ያንን የቀላውን ልብስ ነከርኩበት። “ጋሼ፣ ጠጋ ብለው ይዩ!” ዓይናቸው እያየ ቀዩ መስመር ወደ ቢጫ ተመለሰ።

“ወይ ጉድ!” አሉ፣ እንደ ልጅ ሳቁ። አሥራ ሁለቱንም ይዘው ሄዱ።

ባሌ “እፎይ፣ ተገላገልን” ሲል ብሶቴ ገነፈለ።

“አንተ ነህ የተገላገልከው! ግትር፣ ሰው የማትሰማ ተብዬ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሰው ፊት የጠየቅከውን ይቅርታ ሰው ፊት መልሰህ ትወስደዋለህ። እስከዚያ አንዲት ክር አልነክርልህም።”

“ይቅርታ ተመልሶ ይወሰዳል እንዴ? ሰው ምን ይለኛል?”

“የፈለገውን ይበልሃ!”

ቅዳሜን ተኮራርፈን ዋልን። እሱ በፋብሪካ ክር አንድ ስንዝር ሸመነና ተወው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ፈርቼ ነበር። እምቢ ቢለኝ አብሬው እንዴት እንደምኖር አላውቅም ነበር።

እሑድ ዘመሩ፣ አማረባቸው። ከፕሮግራም በኋላ ሰው ግቢው ውስጥ ሰላም ሲባባል ባሌ ከጎኔ ተነጥሎ ቀጥ ብሎ ወደ ሽማግሌው ሄደ። መዘምራኑ ከብበዋቸዋል። አማርኛ የማያውቁት ባልቴቶች ጭምር እንዲሰሙት በወላይትኛ ተናገረ።

“ጋሼ፣ ዓርብ ዕለት በሚስቴ ስም ይቅርታ ጠይቄዎት ነበር። ያንን ይቅርታዬን መልሼ ልወስድ መጥቻለሁ። በሳሙና እንዳያጥቡት ንገራቸው ብላኝ ነበር። ይሄን ከሰማችሁ አትወስዱም ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም።”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። “ታዲያ ልጄ፣ ያን ዕለት ለምን አልተናገርክም?”

“ያን ዕለት እርስዎን ፈራሁ” አለ ባሌ። “የምኖረው ግን ከእሷ ጋር ነው።”

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ አልሳቅኩም። እንባዬን እንዳያዩብኝ ነጠላዬን ሳብ አድርጌ ቀድሜው ወደ በሩ ሄድኩ።