ያዛወርኳቸው ጭረቶች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ልናዘዝ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጾም መግደፌን አውርቼ ተመለስኩ። ጾም መግደፍ ደህና ኃጢአት ነው፤ በስግደት ያልቃል። የእኔው በስግደት አያልቅም። እንዲያውም እየታተመ ይባዛል።

አንባቢዬ፣ አንተን የመረጥኩህ ስለማምንህ አይደለም። ማንንም አላምንም። ዓይንህን ስለማላየው ነው።

በጣሊያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። ከሚሲዮን የለቃቀምኳትን ጣሊያንኛ ይዤ ኮልፌ ላይ «ዶቶሬ» ለሚሉት አንድ ጣሊያናዊ ምሁር አስተርጓሚ ሆንኩ። ዶቶሬ ወታደር አልነበረም። ቅጠል እየሰበሰበ በጋዜጣ ወረቀት መካከል የሚያደርቅ መነጽራም ሰው ነበር። የአገሬውን መድኃኒት አዋቂዎች ዕውቀት መመዝገብ እፈልጋለሁ አለኝ። አላመንኩትም። መድፍ ጎትቶ የመጣ መንግሥት ለዳማከሴ ብሎ ባሕር አይሻገርም። ወንበሩን ግን ወደድኩት።

ከአካባቢው አዋቂዎች የመድኃኒት መጽሐፋቸውን ገሚሱን በልመና፣ ገሚሱን በማስፈራራት ሰበሰብን። አዋቂዎቻችን አንድ ልማድ አላቸው፤ ቅጠሉን ይደብቃሉ፣ ያስተማራቸውን ሰው ግን አይደብቁም። ከእያንዳንዱ መድኃኒት ግርጌ «ይህን ከእገሌ አገኘሁ፤ ሞክሬው ሠርቷል» ብለው ይጽፋሉ። የሰጠውን ሰው ስም ያላነሳ፣ መድኃኒቱ አይሠራለትም ይባላል። ዶቶሬ ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ጭረት እንድጭርለት አዘዘኝ። በእኛም አገር ሊቅ የሚመዘነው እንዲሁ ነው፣ ስንት ሰው ጠቀሰው ተብሎ፣ አለኝ።

እስከዚህ ድረስ በሆዴ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሁለተኛ ዓምድ አሰመረኝ፤ ማን ከማን ጋር ሥር ይምሳል? ሲወጡስ የት ያድራሉ? ያኔ ጠረጠርኩ። ቅጠል ለሚያደርቅ ሰው የሰው ማደሪያ ምን ያደርግለታል? በምዕራብ በኩል ያለው ጫካ ውስጥ አርበኞች ነበሩ። ቁስላቸውን ማን እንደሚያክም ኮልፌ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ጭረት የበዛበት ሰው መጀመሪያ እንደሚፈለግ ገባኝና ጭረቶቹን ቆጠርኩ። አሥራ ሰባቱ የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ሆኑ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ወደ ጫካ የሚመላለሱትም እሳቸው። ለቀራንዮው ወጌሻ ለአቶ ደምሴ ሁለት ብቻ ተገኘላቸው።

አቶ ደምሴ በዚያው ሰሞን መንገድ ላይ ሰው መሀል አግኝተውኝ ነበር።

«አንተ ቅጠል ቆጣሪ!» አሉኝ። «ጌታህ ፍየል ነው እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። «ይተዉኝ ጋሼ፣ ሥራዬ ነው» አልኩ።

«ይሁንልህ። ይሁዳም ሥራ ነበረው።»

እኔ ነኝ ያደረግሁት። አሥራ ሰባቱን ጭረት ከመምህሬ አንስቼ ለአቶ ደምሴ ጻፍኩ፤ የእሳቸውን ሁለት ለመምህሬ ሰጠሁ። መምህሬን አዳንኩ አልኩ፣ ይህንንም ለብዙ ዓመት ለራሴ ስነግረው ኖርኩ። ግን በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የሞቱ ሰዎች ስም አልነበረም? ሞልቶ ነበር። ጭረቱን ለሙት ብሰጠው ማን ይጎዳ ነበር? የጣሊያን ካሚዮን መቃብር ድረስ ሄዶ ሰው አይጭንም። ታዲያ ለምን ሕያው መረጥኩ? ከሕያዋንስ ለምን እሳቸውን? ስላሳቁብኝ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ከሳምንት በኋላ በጠራራ ፀሐይ ካሚዮን ዶቶሬንና እኔን ይዞ ቀራንዮ መጣ። አቶ ደምሴ ጋቢያቸውን ደርበው ከደጃቸው ወጡ። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ታላቅ የመድኃኒት አዋቂ ስለሆኑ ይፈለጋሉ አልኳቸው።

«እኔ?» አሉ። «አጥንት ከመጠገን ሌላ ምን አውቃለሁ? መሪጌታን ጠይቁ እንጂ!»

ዶቶሬ «ምን አለ?» አለኝ። ክብር ተሰምቶታል አልኩት። አቶ ደምሴ ሊሳፈሩ ሲሉ ዞር ብለው «ለካ ደግ ልጅ ነህ፤ በዚያች ቀልድ እንዳትቀየመኝ» አሉኝ። ካሚዮኑ ሄደ። አልተመለሱም። ዶቶሬን ስጠይቀው ጉዳዩ ወደ በላይ ተላልፏል ብሎ ወደ ቅጠሎቹ ዞረ። መዝገቡን ያዘጋጀው ለዚህ ይሁን፣ ወይስ ሌላ ሰው ወስዶበት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዶቶሬን መጠርጠር ይቀለኛል። ጭረቱን ግን ዶቶሬ አላዛወረውም።

መሪጌታ አንድ ቀን «ከእኔ ይልቅ ደምሴን ለምን ወሰዱት?» ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ቅጠል አላሳዩኝም። ሸምግለው፣ በአልጋቸው ላይ፣ ስማቸው የትም ሳይታተም ሞቱ።

ከነጻነት በኋላ የዶቶሬ መጽሐፍ እጄ ገባ። አቶ ደምሴ በውስጡ ታላቁ የዕፅ ሊቅ ናቸው። ዶቶሬን ሌላ ፈረንጅ ጠቀሰው፤ ያንን ፈረንጅ ደግሞ የእኛዎቹ ምሁራን። አንዱም ቀራንዮ ወርዶ አልጠየቀም። ዓምና አንድ ወጣት ምሁር ይህንኑ በጋዜጣ አወጣው። የአቶ ደምሴ ባለቤት ወይዘሮ የሺ ጋዜጣውን ቆርጠው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ስሄድ ያሳዩኛል፤ «ስሙን ያስጠራህልኝ አንተ ነህ፤ ተባረክ ልጄ» ይሉኛል። እኔም እመረቃለሁ።

ወይዘሮ የሺ፣ ያንን ጋዜጣ ያነበበችልዎ የልጅ ልጅዎ ይህንንም ታንብብልዎ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ እሱም በስሜ አንድ ጭረት መለመን ነው። ባለቤትዎ የዕፅ ሊቅ አልነበሩም። በመጨረሻው ቀን እውነቱን ተናግረዋል፤ ከአጥንት ሌላ አላውቅም ብለዋል። ከመጣነው መካከል ቋንቋቸውን የሰማሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያኔ አልተረጎምኩላቸውም፤ ዛሬ ተረጎምኩ።