ጨው ያማራት ፀጉር ሠሪ

የሰፈሩ ሰው «ሳቂታዋ» ይላታል። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ብትቆምም ዓይኗ ደንበኛዋ ፀጉር ላይ፣ ጆሮዋ ወሬው ላይ ስለሆነ ራሷን አታይም። መጥቆሯን ያወቀችው በእጇ ነው። የመዳፏ መስመሮች በከሰል የተሰመሩ መሰሉ። ሳሙና አላስለቀቃቸውም። የፀጉር ቀለም ይሆናል ብላ ጓንት ማድረግ ጀመረች፤ ጥቁረቱ ግን ድዷ ላይም ወጣ።

ከዚያ ጨው አማራት። ደንበኛዋን ማድረቂያ ስር አስቀምጣ ጓዳ ትገባና ጨው በጣቷ እየጠቀሰች ትልሳለች። ሹፌሩ ባሏ ምግቡ ጨው በዝቶበት አልበላ ሲለው፣ ለእሷ ገና ጨው አልነካውም። ከሳች። ስትነሳ ዓይኗ ይጨልምባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቷ መጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ምነው እትዬ፣ ግቢ እንጂ።»

«እማዬን መሰልሽኝ» አለች እህትየዋ።

ሳቂታዋ እናቷን አታውቃትም፤ የሞተችው እሷ ጡት ሳትጥል ነው። ታላቅየዋ ግን ታስታውሳለች፤ መጨረሻዋ አካባቢ ፊቷ ከስሎ፣ ተደብቃ ጨው ስትልስ። ሰው እብድ ነበረች እንዳይላት ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ፀጉር ሠሪዋ መቀሱን አስቀምጣ ወደ መስታወቱ ዞረች። ውስጡ ያለችው ሴትዮም አየቻት። ፈገግ አለችላት፤ የመለሰላት ፈገግታ ግን የእሷ አልመሰላትም። ዓይኗ ጨለመባትና ወደቀች።

ሆስፒታል ስትነቃ ጨው ያለበት ውሃ በክንዷ ይንጠባጠብላት ነበር። ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳቻት። ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ ሁለት ዕጢዎች አሉ። ከእነሱ የሚወጣ ሆርሞን በደም ተጉዞ ኩላሊት ሲደርስ፣ የኩላሊት ህዋሳት ሊፈስ የነበረውን ጨው ወደ ደም መልሰው ያሻግሩታል፤ ውሃውም ይከተለዋል። የእሷን ዕጢዎች ግን የገዛ ሰውነቷ መከላከያ አጥቅቷቸዋል። መልእክቱ ሲጠፋ ጨውዋ በሽንት ወጣ፤ የደም ግፊቷም ወረደ።

«ጥቁረቱስ?»

«አንጎል ስር ያለች ሌላ ዕጢ እነዚያን ሥሩ እያለች ትጣራለች። የሚሰማት የለም። ጥሪዋም ሆርሞን ነው፤ ባበዛችው ቁጥር ቆዳሽን ያጠቁረዋል።»

«እናቴም እየተጣራች ነው የሞተችው?»

ሐኪሟ ያላየችውን ሰው በሽታ መናገር እንደማትችል ነገረቻት፤ በሽታው በቤተሰብ ሊኖር እንደሚችል ግን አልደበቀቻትም።

የጠፋውን ሆርሞን የሚተካ፣ ዕድሜ ልኳን የምትውጠው ክኒን ተሰጣት። የጨው አምሮቱ ተወት አደረጋት፤ ፊቷም ቀስ በቀስ ፈካ። እህትየዋም ተመርምራ ደህና ነሽ ተባለች። ፀጉሯን ልትታጠብ በመጣች ቁጥር ግን ታናሿን ትክ ብላ ታያታለች። አንድ ቀን ታናሽየዋ ምን ሆነሽ ነው ብላ ጠየቀቻት።

«በመዳንሽ ደስ ብሎኛል» አለች ታላቅየዋ ቀስ ብላ። «ግን እማዬ እንደገና ሄደችብኝ።»

ሳቂታዋ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ለብ ማለቱን በእጇ ሞከረችና የእህቷን ራስ ወደ ገንዳው አዘነበለችው።