የእትዬ ዘርፉ የመጀመሪያ ጉርሻ

አዳማ ገበያ አጠገብ ያለው የእትዬ ዘርፉ ቁርስ ቤት አንድ የማይዘለል ልማድ ነበረው። ፉሉ ከእሳት ሲወርድ የመጀመሪያው ጉርሻ የሕፃን ነው። ከሞጆ የመጡ ሾፌሮች ርቧቸው ቢያጉረመርሙም እትዬ «ቆዩ፣ ልጅ ይቅመስላችሁ» ይሏቸውና ዓይናቸው ልጅ ይፈልጋል።

እናቴ ሽንኩርት ስትቸረችር እኔ እዚያ አግዳሚ ላይ እውል ነበር። ስንት ማለዳ ያን ጉርሻ በልቻለሁ። ትምህርት ቤት አልዘለቅሁም፤ ፊደል የለየሁት ግድግዳቸው ላይ ከተጻፈው የምግብ ዝርዝር ነው፤ ፉል፣ እንቁላል፣ ሻይ። ዛሬ ዳዊት የምደግመው፣ መጽሐፍ ሳነብ የማመሸው ከዚያ ተነሥቼ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው መስከረም ቤቱ ታድሶ በተከፈተበት ጠዋት ሄድኩ። በመስታወቱ በር ላይ «ከስድስት ዓመት በታች ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የጻፈችው ልዩ የምትባለው የእትዬ ልጅ ናት።

ፉሉ ወርዷል፤ እትዬ ዘርፉ ግን ጭልፋውን አላነሡም።

«እትዬ፣ ለምሳ ነው እንዴ የቀጠሩን?» አለ ምልኬሳ የሚባል ሾፌር።

«ልጅ የለማ።»

«እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፤ አጉርሱኝ።»

ሰው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ልዩ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። «እማዬ፣ ይሄን ረሳሽው? በልጅነቴ፣ እዚሁ ቤት፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው ያቃጠለኝ።»

«አንድም ቀን አልረሳሁት» አሉ ቀስ ብለው።

ይህን ጊዜ ልጅ ያዘለች ሴት በሩ ላይ ቆመች፤ ወረቀቱን አንብባ ልትመለስ ዞረች። እትዬ ዘርፉ ፉሉን በዳቦ ጠቅልለው ወጡና ደጃፉ ላይ ሕፃኑን አጎረሱት። «ገለቶማ፣ እማማ» ብላ አመሰገነች። ከደራ ገና መግባቷ ነበር፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

ልዩ በመስታወቱ ስታያቸው ቆየች። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ከአስተናጋጁ እጅ ተቀብላ ከባንኮኒው ጀርባ አስቀመጠችው። «ሻይ ከዚህ ብቻ ይቀዳል» አለችው። በሩን ከፍታም «እማዬ፣ እናትና ልጁ ይግቡ። ግድግዳው ጥግ ይቀመጡ» አለች።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ገባሁ። በሩ ላይ ሌላ ወረቀት አለ፤ «የሕፃናት ቦታ በግድግዳው በኩል ነው» ይላል። አንዲት ትንሽ ልጅ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። «ፃ» ላይ ስትደርስ ቆመች። ላግዛት አልኩና ተውኩት። ቆይታ ራሷ አገኘችው።