ጨው የበሉት ፀጉረ ልውጦች

ያን ዓመት ጨው ጠፋ። ስኳር ከጠፋ ቆይቶ ነበር፤ የሳሙናም ስሙን እንጂ መልኩን አናስታውስም ነበር። ጨው ሲጠፋ ግን ከተማው ተቆጣ።

ከተማ የምለው ለወጉ ነው። ከጅማ ተነስቶ ሰቃን ያለፈ አውቶቡስ ቆም ብሎ የሚተነፍስበት፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮና የቀበሌ ሱቅ ያለው፣ የቀረው ሁሉ ጭቃና ቡና የሆነ ቦታ ነበር። እዚያ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የኦሮሞ እናት ቤት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እማማ እላቸዋለሁ። ከጓሯቸው እስከ ወንዙ የሚወርድ ትንሽ ቡና ነበራቸው። ቡናውን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለመንግሥት ያስረክባሉ፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ መንግሥትን ሲረግሙ ይከርማሉ። የሚረግሙት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ ነው። ሊቀመንበሩ ኦሮምኛ አይሰማም ብለው ነው። ይሰማ ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ መርፌውን ጥሎ ሽጉጥ ታጠቀ። ጠዋት ስብሰባ ይመራል፤ ከሰዓት ደግሞ ጠዋት ያልመጡትን ለመገሠጽ ሌላ ስብሰባ ይጠራል። እኛ በቀበሌው ሱቅ በር ላይ ተሰልፈን ባለሱቁ “ዛሬም አልመጣም” ሲለን ባዶ ዕቃችንን ይዘን እንመለሳለን። የሊቀመንበሩ ሚስት ግን ሰልፍ ላይ ታይታ አታውቅም። ለቅሶ ቤት ይዛው የምትመጣው ወጥ ደግሞ ጨው አጥቶ አያውቅም። ይህን ሁላችንም ቀምሰናል። ቀምሰንም “እግዜር ይስጥልን” ብለናል። ስለሱ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ንዴቱ ግን አለ፤ አንድ ቦታ መውጣት ነበረበት።

የሚወጣበት ቦታ በእግሩ መጣ። ቡናው መቅላት ሲጀምር ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ለቃሚዎች ይመጣሉ፤ በየዓመቱ። ሴቱም ወንዱም ቅርጫቱን በጀርባው አዝሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ቀናት ተጉዞ ይደርሳል። ከተማው አገራቸውን በስሙ አይጠራም፤ ለሁሉም የሚበቃ አንድ ስድብ ነበረውና በዚያው ይጠቀልላቸዋል። ቡናውን ለቅመው፣ ጥቂት ብርና ጥቂት ጨው ይዘው ይመለሳሉ። እነሱ አገር ጨው ውድ ነው።

እማማ ቤት በየዓመቱ የሚያርፉ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ከማድ ቤቱ ጎን ያለች የሣር ዳስ የእነሱ ናት። ባልየው ጴንጤ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ስለተዘጋ መዝሙሩን ቡና ሲለቅም በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ሚስትየዋ ግን ዝም ማለት የማይሆንላት፣ ሰው ላይ መሳቅ የምትወድ፣ በኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት ነበረች። አማርኛ እየተማረች ነበር፤ የሚያስተምራት ደግሞ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ነው።

“አስተማሪ፣” አለችኝ አንድ ቀን እጇ ከቅርንጫፉ ሳይለይ፣ “ሰፊው ሕዝብ፣ ሰፊው ሕዝብ የሚሉት ማነው?”

“ሁላችንም ነን። ብዙው ሰው።”

“እኔ ደግሞ ሊቀመንበሩ መስሎኝ። ሰፊ ነበር ብለውኛል፤ ልብስ ሰፊ።”

እማማ የያዙትን ሰፌድ ጥለው ሳቁ። “ኧረ ማሎ፣ እባክሽ! ዝም በይ፣ ታስበይናለሽ!” አሏት። ወዲያው ግን አጥሩ ጋ ሄደው ለጎረቤታቸው ነገሯት።

ብዙም ሳይቆይ ለስብሰባ ተጠራን። አዳራሹ የኔው ክፍል ነበር፤ ትላልቅ ሰዎች የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አገጫቸው ድረስ አጥፈው ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ተነስቶ ጨው የጠፋው በኢኮኖሚ አሻጥር መሆኑ በጥናት እንደተደረሰበት፣ አሻጥሩም ከፀጉረ ልውጦች ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጠልን። ጥናቱን ማን እንዳጠናው የጠየቀ የለም።

ወፍጮ ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰውዬ ቀጠለ። “እነሱ የመጡ ሰሞን ነው ጨው የጠፋው። ይኼ አጋጣሚ ነው?”

አንዲት ሴት ዶሮዋ እንደጠፋች ተናገረች። የጠፋችው በክረምት ነበር፣ ለቃሚዎቹ ገና አገራቸው ሳሉ፤ ነገር ግን ሐዘኗ ከልብ ስለነበር ተጨበጨበላት። ከካራምቡላ ቤት የመጡ ወጣቶች “ሥራችንን ወሰዱብን” አሉ። እነዚህ ልጆች የቡና ዛፍ የሚያውቁት ጥላው ሥር ተኝተው ነው። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር የተማረ ሰው ስለሆነ ጉዳዩን ከፍ አደረገው፤ ሰውየው የሚያንጎራጉረው መዝሙር ዜማው የፈረንጅ መሆኑን፣ የፈረንጅ ዜማም የኢምፔሪያሊዝም መንገድ ጠራጊ መሆኑን አስረዳ። ይህን ሲሰማ ሁሉም ጨው ወዴት እንደሄደ የገባው መሰለ።

ያኔ ዙሪያዬን አየሁ። የወፍጮ ቤቱ ሰው ከወሊሶ የመጣ ነው። ዳይሬክተሩ ጎንደሬ ነው። ሊቀመንበሩ ከአባቱ ጋር ከመንዝ እንደመጣ ራሱ ይናገራል። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። የሁላችንም ፀጉር በሰላም ተቀምጧል፤ ደሞዝ ወይ ማኅተም ያለው ሰው ፀጉሩ አይለወጥም። ከተናገሩት መካከል እዚያው ተወልደው ያረጁት እማማ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ ያነሱት አንዲት ጥያቄ ናት።

“እሺ፣ ይሂዱ። ቡናውን ማን ይለቅመዋል?”

ሊቀመንበሩ ጣቱን ወደ ጣሪያው አነሳ። “ሰፊው ሕዝብ!”

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። እማማ ወደኔ ዞረው “ያ ረቢ፣ ልብስ ሰፊው ነው የሚለቅምልኝ?” አሉ።

በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው በየጓሮው ዞሩ። ለቃሚዎቹ ከየዳሱ እየወጡ መንገዱ ዳር ተሰበሰቡ። የሠሩበትን ገና ያልተቀበሉ ብዙ ነበሩ፤ “ቀበሌው ያስብበታል” ተባሉ። ባልየው ቅርጫቱን አዝሎ ቆመ። ሚስትየዋ ግን አንዱ ጠባቂ “ጨዋችንን በልታችሁ!” ሲላት ፊቱ ሄዳ አፏን በሰፊው ከፈተች።

“ቅመስ!” አለችው።

“ምን?”

“ጨው በልታለች አላልክም? ምላሴን ቅመስ።”

ልጁ ቀላ፤ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እየሳቀም አባረራቸው። እስከ ዛሬ ድረስ የሚገርመኝ እሱ ነው፤ ማንም የጠላቸው አይመስልም ነበር። እማማ ደረቅ ቂጣ በቅጠል ጠቅልለው ሚስትየዋን በእጇ አስያዟትና ሳይሰናበቱ ወደ ቤት ገቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰልፍ ወጣን። ባለሱቁ “ዛሬም አልመጣም” አለ። አንድ ሽማግሌ “ይዘውት ሄደው ይሆናል” ብለው ተጽናኑ።

ቡናው ግን ስብሰባ አያውቅም፤ ቀልቶ ጠቁሮ መሬት ላይ ይረግፍ ጀመር። እማማ ብቻቸውን ለቅመው ለቅመው ጣታቸው ተላጠ። ከጅማ ካድሬ በላንድሮቨር መጣና የቀበሌውን ድርሻ ጠየቀ። ቡናው የአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ መሆኑን፣ አንዲት ፍሬ መሬት ላይ ከቀረች አብዮቱ እንደሚጎዳ ነግሮን ሄደ። ሊቀመንበሩ ዘመቻ አወጀ።

እሑድ ጠዋት በከበሮና በባንዲራ ተሰልፈን ወደ ቡናው ጫካ ወረድን። የካራምቡላ ቤቱ ወጣቶች፣ ዳይሬክተሩ በከረባት፣ የወፍጮ ቤቱ ሰው፣ እኔና ሌሎቹ አስተማሪዎች፣ ሁላችንም። ሊቀመንበሩ ከግንድ ላይ ቆሞ ስለ ምርት ንግግር አደረገ። ንግግሩ ረዥም ነበር፤ የቆመበት ግንድ ደግሞ የጉንዳን መንገድ ነበር። እኛ የምናየው የንግግሩ ግለት እየጨመረ ሲሄድ ነው። እጁን ያወናጭፋል፣ እግሩን ይመታል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ድንገት “ወይኔ እናቴ!” ብሎ ሽጉጡን ከነቀበቶው ወርውሮ፣ ሱሪውን አውልቆ ወደ ወንዙ ሮጠ። ወጣቶቹ መፈክር መስሏቸው አብረውት ጮኹ።

ከዚያ በኋላ የቀረነው ለቀምን፣ ለቀምን ከተባለ። ቀዩንም አረንጓዴውንም ከነቅጠሉ ሸመጠጥነው፤ ያልደረስንበትን ቅርንጫፍ ሰበርነው። ዳይሬክተሩ ከሁላችን ብዙ ሰበሰበ፤ ቅርጫቱ ሲገለበጥ ግማሹ ቅጠል ሆነ። እማማ የተሰበረ ቡናቸው ሥር ተቀምጠው አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው ቁጭ አልኩ፤ የገነጠልኩት ቅርንጫፍ እዚያው ጉልበታቸው ሥር ወድቋል።

ካድሬው ተመልሶ ክምሩን ሲያይ አንድ እፍኝ አንስቶ ሸተተ።

“ይኼ ቡና ነው ሰላጣ?”

እፍኙን መልሶ ክምሩ ላይ ጣለው።

“ዓምና ማን ነበር የለቀመው?”

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። “ጓድ፣ ዓምና... ከወንዝ ማዶ የሚመጡ ላብ አደር ወንድሞቻችን ነበሩ።”

“የት አሉ?”

“ለጊዜው... ተንቀሳቅሰዋል።”

ፀጉረ ልውጦች የነበሩት በአንድ ትንፋሽ ወንድሞቻችን ሆኑ። ያሉበትን የሚያውቁት እማማ ብቻ ነበሩ፤ ወደ ጎጀብ በሚወስደው መንገድ አንድ መንደር ሥራ አግኝተው እዚያው ቀርተዋል። ካድሬው እማማን በላንድሮቨር አስቀምጦ ላካቸው። በሕይወታቸው መኪና ፊት ወንበር ላይ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ ሲመለሱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ማንንም ሳያዩ፣ እንደ ሚኒስትር ወረዱ። ከኋላቸው ያቺ ሴት፣ ባሏና ሦስት ሽማግሌዎች ወረዱ። የቀሩት “ነገሩን አይታችሁ ላኩብን” ብለው አልመጡም።

ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ ስለ ወዛደሩ አንድነት ሊናገር ሲጀምር ሴትየዋ አቋረጠችው።

“ንግግሩን ሰምተነዋል። ቡናውን እንለቅማለን። ያልተከፈለን ይከፈለን። ሌላ ደግሞ ጨው እንፈልጋለን።”

“ጨው?” አለ ሊቀመንበሩ። “እኅቴ፣ ጨው እኮ በአገር ደረጃ...”

“እኛ በላነው አላላችሁም? ያልበላነውን ስጡን።”

ካድሬው ሰዓቱን አየ። “ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀበሌው ጨው አለው የለውም?”

ምን ይበል? የለም ካለ ቡናው ቀረ፤ ቡናው ከቀረ ወንበሩ ቀረ። “ይ... ይፈለጋል” አለ።

“አሁን ይፈለግ። እጠብቃለሁ።”

ሊቀመንበሩ ያን ምላሷን ቅመስ የተባለውን ጠባቂ ጠርቶ በጆሮው አንሾካሾከለት። ቤቱ ከሜዳው ጋር አጥር ለአጥር ነው። ልጁ ገባ፤ እኛ ጠበቅን። ጥቂት ቆይቶ የሊቀመንበሩ ሚስት አንገቷን በአጥሩ ላይ ብቅ አደረገች። ማን እንደተሰበሰበ ገና አላየችም፤ ድምፅዋ ደግሞ የታወቀ ነው።

“አንተ! የቱን ልስጠው? የአልጋ ሥሩን ነው የጓዳውን?”

ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም። ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ፤ ያ ለቅሶ ቤት ወጡን ቀምሶ ዝም ያለ ሰው ሁሉ። ካድሬው አልሳቀም። ሴትየዋም አልሳቀችም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

“ሁለቱንም” አለች።

ጨው በጆንያ ወጣ። ለቃሚዎቹ ተመልሰው የተረፈውን ቡና አነሱ። የተጠራቀመው ሒሳብ ግማሹ ተከፈለ፤ ግማሹ እስካሁን እየታሰበበት ነው። እኛም ከጨው ድርሻ ደርሶን አንድ ሰሞን ወጣችን ጣፈጠ። ሊቀመንበሩ ይታሰራል ብለን ስንጠብቅ፣ የቡናውን ድርሻ በወቅቱ ስላስረከበ ተመሰገነና ጅማ ላይ ከፍ ያለ ሥራ ተሰጠው። እዚያው ጅማ ቦሳ አዲስ በሚባል ሰፈር ጥሩ ቤት እንደያዘ ሰማን። ስለ ለቃሚዎቹ ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሰልፍ ላይ ግን “ጨው የበሉት” የሚለው ስድብ ቀረ፤ ሌላ እስኪገኝ።

ባልና ሚስቱ በዚያው ቀሩ። እማማ ከጓሯቸው ቦታ ሰጥተዋቸው ጭቃ ቤት ሠሩ፣ ቀበሌ ተመዘገቡ፣ አገራቸው ትተውት የመጡትን ልጃቸውን አምጥተው እኔ ክፍል አስገቡ። ዓመታት አልፈው ድርቁ ሲመጣ፣ በሰሜን የተራቡ ሰዎች በጭነት መኪና እየተጫኑ ወደኛ አካባቢ መጡ። ሰፋሪዎች ተባሉ። ከመኪናው ሲወርዱ አየኋቸው፤ ብዙዎቹ የኔው አገር ሰዎች ናቸው፣ አነጋገራቸው የእናቴን ይመስላል። ከተማው አንድ ሰሞን አዘነ፤ እንጀራም ወጣላቸው። ከዚያ በርበሬ ተወደደ።

ስብሰባው እንደገና የኔው ክፍል ውስጥ ተደረገ። አዲሱ ሊቀመንበር ስለ ፀጉረ ልውጦች ተናገረ። አስተያየት ሲጠየቅ ከወደ ኋላ አንድ እጅ ወጣ። ዞር ስል እሷ ናት፣ ያቺ ቡና ለቃሚ። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

“እኛ የዚህ አገር ሰዎች ታግሰናል” ብላ ጀመረች። “እነዚህ ሰዎች ከየት እንደመጡ አይታወቅም። በሽታ ይዘው መጥተዋል። ቡና መልቀም አያውቁ፣ ሥራችንን ግን ይወስዳሉ። ሰፊው ሕዝብ ሊነቃ ይገባዋል።”

ከፍ ያለ ጭብጨባ ተሰማ። የወፍጮ ቤቱ ሰው ተነስቶ ነው ያጨበጨበላት። ባሏ አንገቱን አቀርቅሮ እጁን ያያል። እማማ “ያ ረቢ” ብለው ተነስተው ወጡ።

ስንበተን በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊቷ በደስታ ወዝቷል፤ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥታ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

“አስተማሪ፣ አማርኛዬ እንዴት ነበር?”

“ምንም ስሕተት የለውም” አልኳት። እውነቴን ነበር። ደስ ብሏት እጄን ያዘችና እስከ ቤት አብረን ሄድን።