ታዋቂው አሰልጣኝ እኛ ከተማ የመጣ ጊዜ

የፊሽካ ድምፅ፣ በተለይ ጨዋታ ማብቃቱን የሚያበስረው ረጅሙ፣ ከየትም ይምጣ ዛሬም ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል። ወንድሜ ከማል ጅማ ገብቶ፣ ወልዶ፣ ጸጉሩ ከሸበተ ቆይቷል፤ እኔ ግን ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር አሁን የት እንዳለ ማወቅ ያምረኛል።

ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ቢሮዎቹ ከወንበር በፊት ማኅተም ያገኙበት ጊዜ ስለነበር፣ ክልል የሆነ ሁሉ እንደሚኖረው እኛም የእግር ኳስ ቡድን ኖረን። አባቴ ከወሎ መጥቶ መሃል ከተማ ጨው፣ ሳሙናና ሸራ ጫማ ይሸጥ ነበር፤ ከማል ደግሞ እዚያው ተወልዶ፣ አኙዋክኛና ኑዌርኛ አቀላጥፎ እየተናገረ ያደገ የቡድኑ በረኛ ነበር። ቡድኑን የሚያሰለጥኑት አቶ ኦጁሉ በቤተ ክርስቲያን መዘምራንን የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ስለ ኳስ ብዙ አያውቁም ነበር፤ አንድ ደንብ ግን ነበራቸው፣ ማንም ተጫዋች የራሱን ታኬታ ቤቱ አያሳድርም። የአኙዋኩን ታኬታ ኑዌሩ፣ የኑዌሩን አኙዋኩ ይዞ ይገባ ስለነበር፣ መጫወት የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ጓደኛው ቤት ሄዶ መጥራት ነበረበት። በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ክፉ ወሬ በሚናፈስባቸው ሳምንታት እናቴ በበሩ ቀዳዳ መንገዱን ታያለች፣ ተጫዋቾቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ካለፉ ሱቁን ትከፍታለች፣ ካላለፉ አትከፍትም ነበር።

በጋው ሲከር፣ ቆርቆሮው ከላያችን ሲንጣጣ፣ ታዋቂው አሰልጣኝ ከአዲስ አበባ መጣ። አባቴ ኳስ በእግሩ ነክቶ ባያውቅም ከሬዲዮ ያልሰማው ነገር ስላልነበረ፣ የሰውዬውን ዋንጫዎች አንድ በአንድ ይቆጥርልን ነበር።

«እንዲያውም ለኛ ቡድን ይበዛል» አለ።

«አይበዛም፣ አይሆንም» አለች እናቴ።

«አንቺ ደግሞ ስለ ኳስ ምን አውቀሽ?»

«ታኬታውን እንዴት እንደበተነው ከማል ነግሮኛል።»

እውነቷን ነበር። አሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን «ሕፃናት ናችሁ እንዴ ጫማ የምትለዋወጡት? እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ!» ብሎ ደንቡን ሻረ፣ ቀጥሎም ተከላካይ እርስ በርሱ መጯጯህ አለበት በማለት አንድ ቋንቋ የሚናገሩትን አንድ ላይ አሰለፈ። ኋላ ኑዌሮቹ፣ ፊት አኙዋኮቹ፣ ከሁሉም ጀርባ ከማል። በኳስ ዓይን ትክክል ነበር፣ ይሄን ዛሬም ከማንም ጋር እከራከራለሁ፤ ሁልጊዜ ይሸነፍ የነበረው ቡድን ያሸንፍ ጀመር።

ዝናቡ ገብቶ ባሮ ሲሞላ ግን ተመልካቹም እንደ ቡድኑ ተከፍሎ፣ ግማሹ በዚህ፣ ግማሹ በዚያ ዳር መቀመጥ ጀምሮ ነበር። ጎል ስናገባ አንዱ ዳር ብቻ ይጨፍራል፣ ጎል ሲገባብን ያው ዳር ሌላውን ይሳደባል። ከማል ምግብ መብላት ቀነሰ።

«ጎል ሲመጣብኝ ኳሱን አይደለም የማየው» አለኝ አንድ ቀን፣ «ሰዉን ነው።»

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን እናቴ እንዳልወጣ ከለከለችኝና ከሱቁ ውስጥ ሆነን እንሰማ ነበር። ጩኸት፣ ፀጥታ፣ ደግሞ ጩኸት፣ ከዚያ ረጅሙ ፊሽካ፣ ከዚያ የሩጫ ኮቴ። አቶ ኦጁሉ እያለከለኩ በሩ ላይ ደረሱ።

«ልጅ ደህና ነው። ሱቅ ግን ዝጉ፣ አሁን ዝጉ!»

የሆነው ይህ ነበር። በመጨረሻው ደቂቃ ተከላካያችን ቾል ኳሷን ስቶ ጎል ገባ፣ አንደኛው ዳር ስሙን እየጠራ ወደ ሜዳ መግባት ሲጀምር ከማል እጁን አንስቶ በሦስቱም ቋንቋ «የኔ ጥፋት ነው! የኔ ነው!» እያለ ጮኸ። ንዴቱ ማረፊያ አገኘ፣ ማረፊያውም እኛ ነበርን።

«አንቺ፣ ከበሩ ራቂ!» አለች እናቴ። አባቴ መዝጊያውን ቀረቀረና ጀርባውን አስደገፈበት። የመጀመሪያው ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ጆሮዬን ያዝኩ፤ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ተከተለ። ማን እንደወረወረ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ድንጋዩ ካቆመ በኋላም እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፣ ፀሐይ መግቢያዋ እስኪደርስ እዚያው ቆማ ነበር፣ ማንም አነጋግሮ ሊያስቀምጣት አልቻለም። በመጨረሻ ከማል ከወንዙ በኩል ባለው መንገድ መጣ፣ ቾል አጠገቡ ነበር። እናቴ ከማልን በጥፊ መታችውና አቀፈችው።

«ለምንድን ነው ያንተ ጥፋት ነው ያልከው?» አለ አባቴ።

«የቾል ነው ቢባልስ፣ አባባ?»

አባቴ ቾልን ቀና ብሎ አየውና ውሃ እንድሰጠው ጠቀሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ዋንጫዎቹ ሲያነሳ አልሰማሁትም። አሰልጣኙ «እዚህ አገር ችሎታ አለ፣ የጎደለው ሥነ ሥርዓት ነው» ብሎ በማግስቱ በአውሮፕላን ሄደ፣ ከማልም ዳግም በረኛ ሆኖ አልቆመም።

አሁን ልጆቼ በዲሽ የውጭ ኳስ እያዩ፣ አንድ ስመ ጥር አሰልጣኝ ለአንድ ክለብ ይሆናል አይሆንም እያሉ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዳንዴም ተኮራርፈው ለእራት ይቀርባሉ። ሲጠይቁኝ ስለ ኳስ አላውቅም እላቸዋለሁ። እኛ ቤት ያንን ጥያቄ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር የምትመልሰው፣ መልሱም እንደ ከማል በእግሩ ካልመጣ አይታወቅም ነበር።