ልብስ ሰፊው የጠበሰው ስቴክ

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል ከቤት ከወጣ ራቁቱን የሄደ ይመስለዋል።

ሚስቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባች ወዲህ ሥጋ እርም ብላለች። «ይኼ ጥርስ ለፎቶ እንጂ ለማኘክ አይደለም» ትላለች፤ ድሮ አጥንት ስትግጥ ውሻ የሚያዝንባት ሴት! እሱ ደግሞ ብቻውን ሥጋ መብላትን እንደ ክህደት ስለሚቆጥር፣ አብሯት ሾርባ ሲጠጣ ከርሞ የገዛ ሱሪውን ለማጥበብ ተገደደ። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስቴክ አበላታለሁ። እምቢ ካለች ሥጋ የሚባል ነገር ዳግመኛ ቤቴ አይገባም። ይምጡና ይመስክሩ።»

ሉካንዳ ቤት ገባን። ሥጋውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ይዞ፣ ሱፍ እንደሚመርጥ ሰው ያሻሽ ጀመር።

«ሊበሉት ነው ወይስ ኮት ሊያሰፉበት?» አለ ባለ ሉካንዳው።

«አንተ ቢላህን ሳል። ያኛው ጅማት በዝቶበታል።»

በመጨረሻ ከሽንጡ፣ ስብ በስሱ የተበተነበትን፣ ሁለት ጣት የሚወፍር አስቆረጠ። የሰው ልጅ ዕውቀት ከጣቱ ይጀምራል የሚለው እምነቴ ያን ጊዜ ጸና። የት እንደሚያበቃ ግን ገና አላየሁም ነበር።

ቤት ሲደርስ ሥጋውን በንጹሕ ጨርቅ አደረቀ፣ ጨው ነሰነሰ፣ መጥበሻው እስኪጨስ ጠብቆ ጣል አደረገው። ጢሱ ቤቱን ሞላው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታነደን ነው?» ስትል ሚስቱ ከጓዳ ጮኸች።

«አንቺ ጥርስሽን አዘጋጂ!»

«እሱማ ብርጭቆ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል!»

ሁለቱም ወገን ሲቀላ አውጥቶ ጥቂት አሳረፈው። ከዚያ ቢላውን አነሣና የሥጋውን ክር ተከትሎ፣ ውልፍት ሳይል፣ ቀጥ አድርጎ ቆረጠና ለእሷም ለራሱም በየሳህኑ አቀረበው። ጨርቅ እንደ ክሩ ካልተቆረጠ ይጣመማል፤ ለእሱ ዓለም ሁሉ እንደዚያ ነው።

እሷ ጥርሷን አጥልቃ ከጓዳ ወጣችና ጎረሰች። አኘከች። እኛ አገጯን እያየን ተቀመጥን። አሁንም አኘከች።

«እንዴት ነው?»

«ጠብቅ፣ ገና መንገድ ላይ ነኝ።»

ኋላ ግን ከአፏ አውጥታ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። «እንካ፣ ቁልፍ ትከልበት።»

ፊቱ ጠቆረ። ሳህኑን ሊያነሣ ሲል እጁን ያዘችው።

«ቁጭ በል። ድንቄም ባለሙያ! ሥጋ ሱሪ መሰለህ እንዴ? አግድም ነው የሚቆረጠው!» ብላ የቀረውን አዙራ፣ ክሩን እያቋረጠች በስሱ ቆራረጠችው።

«እያወቅሽ ዝም ትያለሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አንድ ጎረሰች፤ ዋጠች። ደገመች። ስንቱ ፈላስፋ ደስታን ሲፈልግ ኖረ፤ እኔ ግን ያን ቀን በአንዲት አሮጊት ጉሮሮ ሲወርድ አየሁት።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«ላምጣልሽ?»

«ጨዉ ይደርሳል» አለችና የእሱን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችው። እሱም አልተከላከለም፤ ሹካውን ጭምር አቀበላት።